ማስታወቂያውን አትዝለዪው

«ሥዕሉስ የታለ?» አሉኝ አጎቴ።

እራት ተበልቷል፤ መብራት ጠፍቷል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ካለው ቤታቸው፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠን፣ ከታብሌቴ ላይ ስለ ንብ የተጻፈ ነገር በእንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ አወራላቸዋለሁ። እሳቸው አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ያያሉ። የሚታያቸው ግን በነጭ ገጽ ላይ የተደረደረ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። ጥያቄው የዋህ ነበር፤ መልሱም አጭር። ሆኖም ከዚያ ምሽት ወዲህ መጽሔት በከፈትኩ ቁጥር ይነዘንዘኛል።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የምሠራው ከንብ ጋር ምንም የማይገናኝ የቢሮ ሥራ ነው። ንብ የያዝኩት ስለምወዳት ብቻ ነው። ቀፎዎቼ ግን አጎቴ ጓሮ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የተከራየሁበት ግቢም ሕፃናት የሚሯሯጡበት ነው። ስለዚህ ሥራው እሳቸው ጋር፣ ንባቡ እኔ ጋር ሆነ። እኔ ሲመቸኝ ቅዳሜ እወርዳለሁ፤ እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ያያሉ። ማሩን የምንካፈለው በእሳቸው ፍርድ ነው። ቅሬታ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልናገረውም፤ «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ነውና።

መጽሔቱን ያመጣብኝ ዘመድ ነው። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ስለ ንብ ስለፈልፍባት ሰልችቷት መሰለኝ፣ የአንድ የንብ መጽሔት የዲጂታል ደንበኝነት ገዛችልኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ በዶላር የምከፍልበት መንገድ አልነበረኝም። አንዱ ሌላውን አመጣና አሁን ታብሌቴ ውስጥ ከሥራ ሰነድ ይልቅ የንብ መጽሔት ይበዛል። የእነዚህ መጽሔቶች ዕድሜ ራሱ ያስገርማል። «አሜሪካን ቢ ጆርናል» የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፈነዳበት ዓመት ነው፤ በጦርነቱ ተቋርጦ በ1866 ቀጠለ። «ቢ ካልቸር» ደግሞ በ1873 ኦሃዮ ውስጥ፣ ሜዲና በምትባል ከተማ፣ «ግሊኒንግስ ኢን ቢ ካልቸር» ተብሎ ተጀመረ። ያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ሁለቱም መጽሔቶች ዛሬም በየወሩ ይወጣሉ።

በመስከረም የግንቦትን ማንበብ

መጀመሪያ ላይ የታብሌቱ ትልቅ ጸጋ ፍጥነቱ መስሎኝ ነበር። የወረቀት እትም እዚህ የሚደርሰው የሰው ሻንጣ ሲገኝ ነው፤ ሻንጣው ደግሞ ለልጅ ጫማና ለመድኃኒት እንጂ ለመጽሔት ቦታ የለውም። በታብሌት ግን ወሩ ሲገባ የወሩ እትም ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ ዋይፋይ ባለበት አውርጄ እይዘዋለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ ባይኖርም ይነበባል።

ከዚያ የወሩ እትም ወሬ ከእኛ ወር ጋር እንደማይገጥም አየሁ። የጥቅምት እትማቸው ቀፎን ለክረምት ስለማዘጋጀት ነው፤ ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ በጥብጠህ አብላ፣ አይጥ እንዳይገባ በሩን አጥብበው፣ ይላል። የእኛ ጥቅምት ሌላ ነው። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ንቦቹ ከጠዋት እስከ ማታ ያግዛሉ፤ አጎቴ ኅዳር ላይ ስለሚቆርጡት ማር ማሰብ ጀምረዋል። እሳቸውን በጥቅምት «ስኳር እናብላቸው» ብላቸው ጤንነቴን ይጠራጠሩ ነበር።

እነሱ ጋር መንጋ የሚወጣው፣ ቀፎ የሚሞላው፣ ንብ አርቢ እንቅልፍ የሚያጣው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ስለዚህ እኔ መስከረም ሲጠባ የምከፍተው ያለፉትን ዓመታት የግንቦት እትሞች ነው። ዲጂታሉ በእውነት የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱን ቶሎ በማድረሱ ሳይሆን አሮጌውን ሁሉ ባንድ ላይ ስለያዘልኝ። ከወራቸው ጋር የምንገጥመው በጥር ብቻ ነው። ስለ ብርድ፣ ቀፎ ውስጥ ስለሚጠራቀም እርጥበት፣ ንቦች ተቃቅፈው ስለሚሞቁበት መንገድ የጻፉትን በውርጩ ሰሞን ሳነብ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። የእነሱን በረዶ መቀነስ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ። ሥዕሉ የት ሄደ? የመጽሔቱ ገጽ የተሠራው ለወረቀት ነው፤ ቁመቱ 27 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የእኔ ታብሌት 8 ኢንች ነው፤ ይህም ከጥግ ጥግ 20 ሳንቲሜትር ማለት ነው። በሁለትና በሦስት ዓምድ የተጻፈውን ገጽ እዚያ ውስጥ ሲያስገቡት ፊደሉ ለዓይን የሚያስቸግር ይሆናል። ለዚህ ብለው የመጽሔት መተግበሪያዎች ሁለት ዓይነት እይታ ያዘጋጃሉ። አንደኛው ገጹን እንደታተመ ያሳያል። ሁለተኛው ጽሑፉን ብቻ አውጥቶ፣ ፊደሉን አስፍቶ፣ በአንድ ዓምድ ወደ ታች ያወርደዋል። ሥዕሉ ይቀራል፤ የሥዕሉ መግለጫ ይቀራል፤ ማስታወቂያው በሙሉ ይቀራል። የሚያነቡት ልጣጩ የተገፈፈ ክክ ነው። እኔ ደግሞ ክኩን ወድጄዋለሁ። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ የሚረብሽ ነገር የሌለበት ንጹሕ ጽሑፍ ማንበብ ደስ ይለኛል።

የጭስ ማጨሻው

«ሥዕል አለው ጋሼ» ብዬ ወደ ሙሉ ገጹ መለስኩላቸው።

በግራ በኩል ሳነብላቸው የነበረው ጽሑፍ ነው፤ ቫሮዋ ስለምትባለው የንብ ተባይ የሚያወራ። በቀኝ በኩል፣ የገጹን ግማሽ የያዘ፣ የንብ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ማስታወቂያ አለ። ቀፎ፣ ጓንት፣ ዓይነ ርግብ፣ መሐል ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ የጭስ ማጨሻ። አጎቴ ጣታቸውን ዘረጉ። ስክሪኑ አልታዘዘም። ዕድሜ ልኩን ሞፈርና ድንጋይ የያዘ የጣት ጫፍ ቆዳው ጠንክሯል፤ ታብሌቱ እንደ ጣት አልቆጠረውም። ደጋግመው ነኩት፤ ምንም የለም። «እኔን አያውቀኝም» አሉ። ከዚያ የትንሿን ጣታቸውን ጎን ሞከሩና ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። በሁለት ጣት እንዴት እንደሚሰፋ አሳየኋቸው። ወዲያው ገባቸው።

እኔ የተባዩን ፎቶ ያሰፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ወደ ማስታወቂያው ሄዱ።

«ጋሼ፣ እሱ ማስታወቂያ ነው። ዕቃ ሊሸጡ ነው» ብዬ ገጹን ላሳልፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ አንቺ ልጅ። አትዝለዪው።»

እዚህ ላይ ስለ እኛው ማጨሻ መናገር አለብኝ። አጎቴ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሠሩት በኩበት ጭስ ነው፤ ኩበቱን አቀጣጥለው በሸክላ ስባሪ ይዘው እፍ ይሉበታል። በኋላ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ከወተት ዱቄት ጣሳ ማጨሻ ሠራላቸው፤ ጎኑ ላይ የፍየል ቆዳ የለበሰ ትንሽ ወናፍ አለው። ሲያዩት ያምራል። ችግሩ ቶሎ መጥፋቱ ነበር። ጥቂት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጉት ደህና ያጨሳል፤ ከዚያ ጭሱ በወናፉ በኩል ወደ ኋላ ይመጣና እሳቱ ይሞታል። ቀፎ ተከፍቶ፣ ንቦቹ ተቆጥተው፣ ማጨሻ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አጎቴ ኩበቱ ረጥቧል ይላሉ፤ እኔ ኩበቱ በዝቷል እላለሁ፤ የእሳቸው ባለቤት ደግሞ ቆርቆሮ ሠሪውን ትረግማለች።

አጎቴ ሥዕሉን አስፍተው አስፍተው ወናፉና ጣሳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቆሙ። ዝም ብለው አዩት። ታብሌቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ አራቁ፤ ዘቅዝቀው ለማየት ሲሞክሩ ስክሪኑ አብሮ ዞረባቸውና ተናደዱ። መልሼ ያዝኩላቸው።

«አልተያያዘም» አሉ።

«ምኑ?»

«ወናፉ ነዋ። ከጣሳው ጋር አልተያያዘም። እዪ፣ ክፍተት አለው። ወናፉ ከዚህ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ከዚያች ቀዳዳ ይገባል። መሐሉ ባዶ ነው። የእኛ ሰውዬ ደፍኖታል!»

አየሁት። እውነት ነው። ወናፉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ከጣሳው ሥር ደግሞ ትይዩ የሆነች አጭር ቱቦ አለች፤ ሁለቱ ይተያያሉ እንጂ አይነካኩም። ነገሩን ማሰብ ስጀምር ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየኝ። ወናፉ ሲጨመቅ አየሩ ክፍተቱን ተሻግሮ ወደ እሳቱ ይገባል። ሲለቀቅ ግን የሚስበው ከእሳቱ ሳይሆን ከክፍተቱ ነው፤ ንጹሕ አየር። ማንም ሳይነካው መሬት ላይ ሲቀመጥም አየር በታች ቱቦው በራሱ እየገባ እሳቱን ያኖረዋል። የእኛው ግን ድፍን ስለሆነ ወናፉ በለቀቅነው ቁጥር የገዛ ጭሱን መልሶ ይጠጣል። ኩበቱ ንጹሕ ነበር፤ እኔም ንጹሕ ነኝ፤ አክስቴ ግን ልክ ነበረች።

ያ ምሽት ለምን እንደማይለቀኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስለ ጭስ ብዙ አንብቤያለሁ። ንብ ስትቆጣ ኢሶፔንታይል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር እንደምትለቅ፣ ሽታው የሙዝ እንደሚመስል፣ ሌሎቹ ያን አሽትተው ለመናደፍ እንደሚመጡ፣ ጭስ ያንን ሽታ እንዳያሸቱ እንደሚያደርጋቸውና ማር እንዲጠግቡም እንደሚገፋፋቸው ሁሉ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ለአጎቴ አውርቼላቸዋለሁ፤ ሙዙ አስቋቸዋል። ካነበብኳቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን አንዱም «በወናፉና በጣሳው መሐል ክፍተት አለ» አላለኝም። ለምን ይላል? ጸሐፊው ማጨሻው እጁ ላይ ነው፤ አንባቢውም ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦታል። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም አይጽፈውም። ለማያውቀው ሰው የቀረችው ብቸኛ ቦታ ዕቃው ራሱ ፎቶ የተነሣባት ማስታወቂያ ናት፤ እኔ የምጠቀመው እይታ ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው እሷን ነው።

በኋላ ታሪኩን ስፈልግ የማጨሻው ወግ ከመጽሔቶቹ ዕድሜ ጋር እኩል ሆኖ አገኘሁት። ወናፉን ከእሳት መያዣው ጎን አቁሞ የገጠመው የኒውዮርኩ ንብ አርቢ ሞዝስ ኩዊንቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ። ሚሺጋን ይኖር የነበረው ቢንግሃም የተባለ ሰው ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ አየሩ በቀጥታ እንዲገባ አድርጎ አሻሻለውና በየመጽሔቱ ያስተዋውቀው ጀመር። አጎቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው በትንሿ ጣታቸው ጎን የደረሱበት ነገር አንድ ሰው ገንዘብ ያገኘበት ፈጠራ ነበር። ስነግራቸው «ታዲያ ለእኔስ ማን ይከፍለኛል?» አሉ።

ግድግዳ ላይ ያነበብነው

እኔም ማስታወቂያ መዝለልን የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ የሴት አያቴ ቤት ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ የተለበጠ ነበር። ዱቄት በውኃ ተፈልቶ ማጣበቂያ ይሆናል፤ ጭቃው እንዳይራገፍና ቤቱ እንዲደምቅ በየበዓሉ አዲስ ይለጠፋል። ብዙዎቻችን ማንበብ የተለማመድነው እዚያ ላይ ነው። የሚለጥፈው ሰው የወረቀቱን መልክ እንጂ ፊደሉን ስለማያይ አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ይለጠፋል፤ አንገታችንን አጣምመን እናነበዋለን። ወሬው ከመሐሉ ይቆረጣል፤ ቀሪው ያለበት ገጽ ከአልጋው ጀርባ ነው ወይም ጭራሽ የለም። የሳሙናና የባትሪ ማስታወቂያ ግን ምንጊዜም ሙሉ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ባትሪ ድንጋዩ በሬዲዮው ውስጥ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ያወቅሁት ከግድግዳ ነው።

ግድግዳ ገጹን እንዳለ ነው የሚሰጠው። ታብሌቴ ደግሞ ይመርጥልኛል፤ መርጦም ይጥልልኛል። ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ ቤተ መጻሕፍት የዓመቱን መጽሔት አንድ ላይ ሲጠርዙ ቦታ ለመቆጠብ ሽፋኑንና የማስታወቂያ ገጾቹን ገንጥለው የሚጥሉበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዛሬ በነፃ ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጽሔቶች ስካን የተደረጉት ከእነዚያ ጥራዞች ነው። ስለዚህ የአንዳንዱን ዓመት ስትከፍቱ ጽሑፉ በሙሉ አለ፤ ሰዎቹ ምን ገዝተው በስንት እንደሠሩ የሚያሳየው ገጽ የለም። ያልተገነጠለበት ጥራዝ ሲገኝ ግን በዓል ነው። ቀፎው በእንጨት ቅርጽ ሥዕል ከነዋጋው ተዘርዝሯል፤ የንብ ንግሥት በፖስታ ትላካለች፤ ማጨሻው በሦስትና በአራት መጠን ይሸጣል።

ደግሞም በእነዚህ መጽሔቶች ማስታወቂያው እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው። «ግሊኒንግስን» የመሠረተው ኤ. አይ. ሩት የንብ ዕቃ አምራች ነበር። «አሜሪካን ቢ ጆርናልን» ዛሬ የሚያሳትመው ዳዳንትም የንብ ዕቃ ይሠራል፤ ይሸጣል። ጽሑፉ ዕቃውን ሊያሸጥ የመጣ ነው ቢባል ብዙም ስሕተት አይሆንም። ይህን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ንጹሕ እውቀት እያነበብኩ ነው ብዬ ነበርና። ከዚያ የሩትን ሌላ ታሪክ አገኘሁና ይቅር አልኩት። ይህ ሰው የራይት ወንድማማቾችን በራሪ ለማየት ዴይተን አጠገብ ወዳለ የከብት ሜዳ ሄደ፤ መስከረም 20 ቀን 1904 እ.ኤ.አ. አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ክብ ሲዞር በዓይኑ አየ። ያየውን ያወጣው ጥር 1 ቀን 1905 በገዛ መጽሔቱ፣ በንብና በማር ወሬ መሐል ነው። ስለ ራይቶች በረራ ከታተሙት የዓይን ምስክር ዘገባዎች የመጀመሪያው ይኸው ነው። ንብ ብቻ ፈልጎ ገጽ የሚገለብጥ ሰው ሳያየው ያልፈው ነበር።

ላም አለኝ በሰማይ

ስለ ዲጂታል መጽሔት ሳወራ ሰው የሚጠይቀኝ «የራስሽ ነው ወይ?» እያለ ነው። አይደለም። የምንከፍለው ለማንበብ ፈቃድ ነው። አፕል ቴክስቸር የተባለውን የመጽሔት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2018 ገዝቶ በ2019 ዘጋው፤ አማዞንም እ.ኤ.አ. በ2023 የኪንድል የመጽሔት ደንበኝነትን አቋረጠ። የእኔን መተግበሪያም አንድ ቀን ስከፍት «በይለፍ ቃልሽ እንደገና ግቢ» አለኝና ያወረድኳቸው እትሞች በሙሉ ጠፍተው ነበር፤ ተመልሰው እስኪወርዱ ድረስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ስል ከረምኩ። አሁን የሚያስፈልገኝን ገጽ ፎቶ አንሥቼ ለየብቻ አስቀምጣለሁ። በፒዲኤፍ የሚሸጥ እትም ካለ ዋጋው ቢበልጥም እሱን እመርጣለሁ።

የማጨሻውን ገጽ ደብረ ብርሃን በቀለም አሳትሜ፣ ላሚኔት አስደርጌ ወሰድኩላቸው። አጎቴ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እንግዳ ሲመጣ ክፍተቱን በእንጨት እየጠቆሙ ያስረዳሉ፤ ወረቀቱ ላይ ጣታቸው የሚታዘዛቸው መሆኑም ደስ ብሏቸዋል።

ቆርቆሮ ሠሪውን ማሳመን ግን ቀላል አልነበረም። «ክፍተት ከተውኩ ነፋሱ ያመልጣል፤ ሥራዬ ተበላሸ ልትሉኝ ነው» ብሎ ተሟገተ። የእጁን ሙያ በወረቀት ሥዕል እንዲያርም የተነገረው ሰው ቅር ቢለው አልፈርድበትም። አጎቴም አልተከራከሩትም። የተበየደውን አስነቅለው፣ ወናፉን ትንሽ አራቅ አድርገው በሽቦ አሰሩትና እዚያው ሱቁ በር ላይ አቀጣጠሉት። መሬት ላይ አስቀምጠውት ስለ ገበያ ሲያወሩ ቆዩ። እየጨሰ ነበር። ሰውዬው የሚቀጥለውን ሲሠራ ክፍተት እንደሚተው ተናገረ፤ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ አድርጎ።

ያን ምሽት የነበረውን የተባይ ፎቶም በኋላ ተመለስንበት። አጎቴ ገና ሲያዩት «ይሄማ የንብ ቅማል ነው፤ እናውቀዋለን፤ አውራዋ ጀርባ ላይ መቀመጥ ይወዳል» አሉ። እውነት ነው፤ የንብ ቅማል አለን፤ እሱም ቀላ ያለ ነው፤ መጠኑም አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከቫሮዋ ጋር ሰው የሚያምታታው ለዚህ ነው። አስፍተን እግር መቁጠር ጀመርን። ቅማሉ ክንፍ የሌለው ዝንብ ስለሆነ እግሩ ስድስት ነው፤ ቫሮዋ ስምንት አላት፤ ስፋቷም ከርዝመቷ ይበልጣል። አጎቴ ስምንት ሲሞላላቸው ዝም አሉ። «ይቺን አላውቃትም» አሉ በመጨረሻ፤ ካሁን በኋላ ቅማል ባዩ ቁጥር እግር እንደሚቆጥሩም ነገሩኝ። ቫሮዋ አሜሪካ ውስጥ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ በፊት የታተሙትን እትሞችና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ጎን ለጎን ስትከፍቱ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ይመስላሉ። በአዲሶቹ ውስጥ ግማሹ ማስታወቂያ የእሷ መድኃኒት ነው። የአንድ ሙያ ስጋት ምን እንደሆነ ለማወቅ ማስታወቂያውን መቁጠር ይበቃል።

እኔም እይታዬን ቀየርኩ። አሁን የማነበው ሙሉ ገጹን ነው። ምቾት የለውም፤ እያሰፋሁ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየገፋሁ፣ ዓምዱ የት እንደቀጠለ እየፈለግሁ ነው። ቀፎ አጠገብ ስሆን ደግሞ ፀሐዩ ስክሪኑን መስተዋት ያደርገዋል፤ በንብ ሙጫ የተጣበቀ ጣት ያረፈበት ቦታ በአልኮል እስኪጠረግ አይለቅም። ረጅም ጽሑፍ ሲሆን አሁንም ወደ ክኩ እሄዳለሁ፤ ግን መጀመሪያ ገጹን እንዳለ እያየሁ ነው።

አጎቴ በበኩላቸው የማስታወቂያ አንባቢ ሆነው ቀርተዋል። ባለፈው የወረድኩ ጊዜ ያስቆሙኝ ማር ማጣሪያ ላይ ነው፤ ፍሬሙ፣ ማለትም በዘመናዊ ቀፎ የማር እንጀራው የሚሠራበት ክፈፍ፣ ውስጡ ገብቶ በእጅ መዘውር የሚሽከረከረው፣ የማር እንጀራው ሳይፈርስ ማሩ የሚወጣበት። አንድ ዘመናዊ ቀፎ ስላላቸው ነገሩ ይመለከታቸዋል። መዘውሩን አሰፉት፤ በርሜሉን አሰፉት፤ ከሥር ያለውን ቧንቧ አሰፉት። ክዳኑ ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ክፈቺልኝ» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ክዳኑን። ጥርሱ ውስጥ ነው ያለው።»

ፎቶ እንደማይከፈት ነገርኳቸው። «ታዲያ ምኑን አሳዩን?» ብለው ተቆጡ፤ ልክ ናቸው። አዲሶቹ ማስታወቂያዎች የዕቃውን ማማር ነው የሚያሳዩት። ይህ መሣሪያ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው፤ ፍራንዝ ፎን ሁሩሽካ በተባለ የኦስትሪያ መኮንን። ከዚያ ወዲህ አሻሻልኩት ያለ ሁሉ የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ ውስጡን ከነጥርሱ፣ ከነብሎኑ ስሎ ማቅረብ ነበረበት፤ የአሜሪካኖቹ ሥዕሎች ደግሞ ጉግል ፓተንትስ ላይ በነፃ ይወርዳሉ። አምስት ስድስቱን አውርጃለሁ። ሁለቱ መዘውራቸው ከላይ ነው፤ አንዱ ከጎን፤ የትኛው ከእኛ አገር ብስክሌት ጥርስ ሊሠራ እንደሚችል አጎቴ ይንገሩኝ።